ያልፈታሁት ካርድ

ሰው ሲያታልለኝ ከመናደዴ በፊት አደንቀዋለሁ። የነጋዴ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ይነግድ ነበር። ከአንድ ማሳ የተለቀመ በርበሬ ለሦስት ጆንያ ያካፍልና አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከመሃል፣ አንዱን ከኋላ ያቆማል። ከፊት ያለውን አይቶ ፊቱን ለሚያጠቁር ገዢ የመሃሉን ይከፍትለታል፤ ገዢው እሱንም ካጣጣለ በኋላ ብቻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለቤቴ ያስቀመጥኩት አለ» ይላል። በርበሬው ያው ነው። ገዢው ግን ሦስተኛውን ተሸክሞ ደስ ብሎት ይሄዳል። ልጅ ሆኜ «አባባ፣ አንድ አይደለም እንዴ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «አንድ መሆኑን እኔና አንተ እናውቃለን» አለኝ።

ስለዚህ የግራፊክስ ካርድ አምራቾችን ሥራ የሰማሁ ቀን መጀመሪያ ትዝ ያለኝ አባቴ ነው።

ቡታጅራ ውስጥ ትንሽ የፎቶና የቪዲዮ ስቱዲዮ አለኝ። ኒካህና ሠርግ እንቀርጻለን፣ ምርቃት እንቀርጻለን፣ የሥራ ማመልከቻ ፎቶ እናነሳለን። ከቀረጻው ይልቅ ሰውን የሚጨርሰው ከቀረጻ በኋላ ያለው ነው። የተቆረጠውንና የተቀጠለውን ሁሉ ኮምፒውተሩ አብስሎ አንድ ፊልም አድርጎ ማውጣት አለበት፤ እኛ ሬንደር የምንለው ይህን ነው። ይህን የሚያበስለው ክፍል ግራፊክስ ካርዱ ነው። ካርዱ ደካማ ከሆነ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ስሙን ካወጡለት በኋላ ነው ቪዲዮአቸው የሚደርሰው። አሮጌው ካርዴ እንደዚያ ሆኖብኝ ነበርና አዲስ አበባ ወርጄ፣ ያገለገለ ቢሆንም ደህና ነው የተባለ አንድ ካርድ ገዛሁ።

ካርዱን ከሸጠልኝ ሰውዬ ጎን የሚሠራ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር፤ የሰባት ቤት ጉራጌ ሰው፣ ወሬ ወዳድ። ካርዴን ተቀብሎ ገልበጥ አድርጎ አየና ሳቀ።

«ይቺ እኮ ከትልቋ ጋር እህትማማች አይደለችም» አለኝ፤ «ራሷ ናት።»

አልገባኝም። እሱ ደግሞ ያልገባው ሰው ሲያገኝ ደስ የሚለው ዓይነት ነው፤ በርጩማ ሳበልኝ። ፋብሪካው ሁለት ዓይነት ቺፕ አይሠራም አለኝ። አንድ ዓይነት ነው የሚሠራው። ከፊሉን እንዳለ በውድ ይሸጠዋል፤ ከፊሉን በውስጡ ባለች ትንሽ ፕሮግራም አስሮ፣ ግማሽ ጉልበቱን አስተኝቶ፣ ሌላ ስም አውጥቶለት በርካሽ ይሸጠዋል። «ርካሹ እንደ ውዱ ከሠራ ውዱን ማን ይገዛዋል፣ ገባህ?» አለ። ጤነኛ ያልሆነ ስለሆነ አይደለም ወይ የሚያስሩት ብዬ ጠየቅኩት። «አንዳንዱ አዎ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ጥርሱ የጎደለ አለ፣ የጎደለውን ዘግተው ይሸጡታል፣ በዚያ አልፈርድም። ያንተዋ ግን ሙሉ ናት። እሷን ያሰራት ገበያ ነው።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። በገዛ እጄ የያዝኩት፣ በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ዕቃ ውስጥ እንዳልነካው የተቆለፈ ግማሽ አለ። ከፊሌ ተናደደ፤ ከፊሌ፣ ያው የነጋዴ ልጅ ነኝና፣ «ጎበዞች!» አለ።

ጠጋኙ ለአገር ልጅ ሲል አንዲት ፍላሽ ላይ መፍቻውን ፕሮግራም ጭኖ ሰጠኝ። አጫጫኑን አሳየኝ። ሥራው ሻይ ተቀድቶ እስኪቀዘቅዝ ያህል ነው። «አንድ ነገር ብቻ» አለኝ፤ «ስትጭናት መሃል ላይ መብራት ከጠፋብህ ሬሳ ናት። አትነሳም።» ስለ ቡታጅራ መብራት ምንም ሳይጠይቀኝ በረጅሙ ተነፈሰልኝ።

ፍላሿን ይዤ ተመለስኩ፤ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር አገጣጠምኩ፤ ፍላሿን ግን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ይህ ፍርሃት የውሸት አልነበረም። ካርዱ እንደታሰረም ቢሆን ከአሮጌው በጣም ይሻል ነበር፤ ከአረፋ በኋላ ደግሞ ሠርጉ እንደ በልግ ዝናብ ተከታትሎ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ያሉት ነጋዴዎቻችን ሁሉ ለአረፋ አገር ቤት ይገባሉ፤ ዘመድ ተሟልቷልና ሠርጉም ሽምግልናውም በዚያው ያልቃል። ያን ጊዜ ካርድ የሌለው ስቱዲዮ ይዞ መገኘት ማለት ዓመቱን ሙሉ አፍን ይዞ መቀመጥ ነው። ይህን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት፤ አምኜ ተቀበልኩት።

ለእህቴ ግን ስለ ፍላሿ አልነገርኳትም። ያኔ ያልነገርኳት እንዲሁ ነው፤ ሳይመች ቀርቶ ነው። በኋላ ያልነገርኳት ግን እንዲሁ አይደለም።

እህቴ ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ታንሳለች። አባታችን ሲሞት ገና ጥርሷን እየቀየረች ስለነበር እኔን እንደ ወንድም ሳይሆን እንደ አባት ነው የምታየኝ፤ ጋሼ ነው የምትለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ፣ እንደ አብዛኛው የጊዜው ልጅ፣ ነጥቡ አልመጣላትም። ስቱዲዮ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። በመጀመሪያው ወር ከእኔ ተማረች። በሁለተኛው ወር ከስልኳ መማር ጀመረች። በስድስተኛው ወር የምትሠራውን እኔ አላውቀውም ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ከምንም ተነስታ ቤት ትሠራለች፣ በር ትሠራለታለች፣ በሩን ትከፍተዋለች፣ ብርሃን ታስገባለች። ደንበኛ «ያቺ ልጅ ትሥራልን» ብሎ መምጣት ጀመረ። እኔ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ «እህቴ ናት፣ ታግዘኛለች» እል ነበር። ማን ማንን እንደሚያግዝ እኔና እሷ እናውቃለን።

የካርድ ፋብሪካዎቹን መርገም ግን ለደንበኛ ሁሉ የማወራው ሆነ። ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ሰው ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ «ሰው ሠርቶ የጨረሰውን ነገር ያስራል? የጎበዝ ልጅን እግር አስሮ በአንካሳ ዋጋ መሸጥ ማለት እኮ ነው!» እያልኩ እደነፋለሁ። እህቴ ከኮምፒውተሩ ኋላ ትስቃለች።

«ጋሼ፣ ሰውየው ፈገግ ይበል እንጂ! ተቆጥቶ ነው ፎቶ የሚወጣው።»

መታሰሩን ከአፌ ሰምታለች ማለት ነው። ሊፈታ እንደሚችል ብቻ ነው ያልሰማችው።

ለአረፋ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ስልኳን ይዛ መጥታ ፊቴ ቆመች። አዲስ አበባ ለማስታወቂያና ለልጆች ፕሮግራም የሚንቀሳቀስ ሥዕል የሚሠራ አንድ ድርጅት ሠራተኛ ይፈልጋል። ዲግሪ አልጠየቀም። የጠየቀው የሁለት ደቂቃ ፊልም ነው፤ የራስሽን ሠርተሽ በአሥር ቀን ውስጥ ላኪ ነው የሚለው። አክስታችን ጋር ማረፍ እንደምትችል፣ ለእናታችን በየሳምንቱ እንደምትደውል፣ ለአረፋ እንደምትመጣ፣ ሁሉን አስባ ጨርሳለች።

«ሞክሪ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

የሠራችው ፊልም የቡታጅራ መናኸሪያ ነበር። ክረምት ነው፤ ዝናብ ይዘንባል። አንዲት ሰማያዊ ባጃጅ ጭቃው ውስጥ ቆማለች፤ ጣሪያዋ ላይ የታጠፈ ፍራሽ ታስሯል፤ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ዶሮ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሾፌሩ የቀረው አንድ ሰው እስኪሞላ አልንቀሳቀስም ብሏል። ሽማግሌው ዝናቡን ያያሉ፤ ዶሮዋ ሽማግሌውን ታያለች። በመጨረሻ ሽማግሌው ዶሮዋን ከጎናቸው አስቀምጠው «ይኸው፣ ሞላ» ይላሉ፤ ባጃጇም ትነሳለች። ይኸው ነው ታሪኩ። ግን ዝናቡ! የባጃጇ ሸራ ላይ የሚንከባለለው ጠብታ፣ ጭቃው ላይ ተዘርግቶ የሚታየው የመብራት ብርሃን፣ የሽማግሌው ኮፍያ ሲርስ ቀስ እያለ የሚጠቁረው። እኔ በሕይወቴ ሙሉ መናኸሪያውን አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ አይቼው ግን አላውቅም።

ችግሩ ዝናቡ ነው። አንድ ጠብታ ለኮምፒውተር አንድ ሥራ ነው፤ ብርሃን ይገባበታል፣ ይወጣበታል። ቀኑ ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀር ሬንደር አስጀመረችው፤ ኮምፒውተሩ አስቦ አስቦ ስድስት ቀን ይፈጅብኛል አለ። መስኮት ከፈትን፣ የኮምፒውተሩን ጎን ፈታን፣ የቤቱን ፋን አምጥተን ደገንንበት። ያው ነው። መብራት አንዴ ጠፍቶ ሁሉን ከመጀመሪያው አስጀመራት። ጄኔሬተር አስነሳሁላት። ልብ በሉ፤ ጄኔሬተር ነበረኝ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ ዓይኗ ቀልቶ፤ «ይቺን ካርድ ትንሽ የምናፈጥንበት ምንም ነገር የለም?»

መሳቢያው ከጉልበቴ ፊት ነበር። ቁልፍ እንኳን የለውም። ፍላሿ ከአሮጌ የፎቶ አልበም ናሙናና ከተቀደደ የቻርጀር ገመድ ጋር እዚያ ተኝታለች። በዚያች ቅጽበት ስላሰብኩት ነገር ብዙ ጊዜ ራሴን ዋሽቻለሁ፤ መብራት ይጠፋል ብዬ ነው፣ ካርዱ ይሞታል ብዬ ነው፣ ለእሷም ቢሆን ጨርሶ ከማጣት ያለው ይሻላል ብዬ ነው። ውሸት ነው። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ፊልም በሰዓቱ ከደረሰ ይወስዷታል። እኔም ከጎኔ ያለውን ወንበሯን ባዶ አየሁት።

«ያለው ይኸው ነው» አልኳት። «ዝናቡን አውጪው።»

«ዝናቡ ከወጣ ምን ይቀራል?»

«ሽማግሌው አለ፣ ዶሮዋ አለች። ታሪኩ ያው ነው። እንዲያውም ጥርት ይላል።»

ስለ ሥራው ምንም እንደማያውቅ ሰው ነው የተናገርኩት። ለእሷ ግን አባቷ ነኝ፤ አመነችኝ። ቁጭ ብላ ጠብታ በጠብታ አወጣችው። የረጠበውን ኮፍያ አደረቀችው። ጭቃውን አቧራ አደረገችው። ሰማዩን ሰማያዊ ቀባችው። ፊልሙ በአንድ ቀን ተኩል አለቀ፤ በቀኑም ተላከ። አሁን ሽማግሌው በጠራ ፀሐይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠው የሚጠብቁት ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ወርደው በእግራቸው ቢሄዱ ማን ከለከላቸው?

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ጨዋ መልስ ነው። እጅሽ ጥሩ ነው፣ ግን ሥራው ሕይወት ይጎድለዋል፣ ወደፊት ሞክሪ የሚል። ለእኔ አነበበችልኝ። ከዚያ ስልኳን አጥፍታ የአንድ ምርቃት ቪዲዮ መቁረጥ ቀጠለች። አላለቀሰችም፤ እኔ ፊት ማለቴ ነው።

በዚያው ቀን ወደ ቤት ስገባ ሥጋ ገዝቼ ነበር። ለምን እንደገዛሁ አላሰብኩበትም፤ ልኳንዳው በር ላይ ልለፍ አልለፍ ብዬ ገባሁ፣ አለቀ። እናቴ ሥጋውን ተቀብላኝ ፌስታሉን ይዛ ቆመች። እህቴ ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታለች።

«ልጅቷ እያለቀሰች ነው» አለችኝ እናቴ።

«አውቃለሁ። ያ ሥራ አልሆነላትም።»

«ታዲያ ሥጋው የምንድን ነው?»

የተናገረችው በመስቃንኛ፣ በእኛ ጉራጌኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ይለሰልሳል። «እንድትጽናና ብዬ ነው» አልኩ። እናቴ ሥጋውን አስቀምጣ ወደ ልጇ ሄደች፤ እኔ ሳሎን ብቻዬን ተቀመጥኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። ወር ሙሉ ሳላውቃቸው የረገምኳቸው የካርድ አምራቾች ቢያንስ ያሰሩትን ነገር በርካሽ ሸጠውታል። እኔ በዚያች ሰዓት ያፈርኩት ይህን ያህል ነው፤ ማፈሬ ግን ከመሳቢያው ፍላሿን አላወጣልኝም።

አረፋ መጣ። ሠርጉ ጎረፈ። እህቴ ከማንም በላይ ሠራች፤ ሙሽሮች ወደዷት፣ ስቱዲዮው ሰው ሞላበት፣ የተመኘሁት ሁሉ ሆነ። ግን ከምንም ተነስታ ቤት መሥራት አቆመች። «ምነው አሁን አትሞክሪም?» ብዬ አንዴ ጠየቅኳት፤ እንዲህ ብዬ የጠየቅኩት ፊቴን በጨው አጥቤ መሆን አለበት።

«ተወው ጋሼ። እነሱ ያዩትን አዩ።»

«ማሽኑ እኮ ነው አልችል ያለው።»

«መጀመሪያ እኔም እንደዚያ ነበር የምለው» አለችኝ። «በኋላ ሳስበው ጎበዝ ሰው ቢሆን ያለ ዝናብም ሕይወት ይሰጠው ነበር።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አንድ ነገር ባልተናገርከው ቀን ሁሉ ለመናገር የሚያስፈልገው ድፍረት ይጨምራል፤ እኔ ደግሞ ድፍረት ከመጀመሪያውም አልነበረኝም።

በሁለተኛው ዓመት ለወልቂጤ ሰው ታጨች። የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ በእሱ የምለው የለኝም። የሠርጓን ቪዲዮ እኔ ሠራሁ። እሷ ብትሠራው በጣም ይሻል ነበር፤ ሙሽራ ሆና ግን የራሷን ሠርግ አትቆርጥም። ባሏ ከሱቁ ጎን አንዲት ክፍል ከፍሎ ፎቶ ኮፒና መታወቂያ ፎቶ አስጀመራት። እንግዲህ የፈራሁት ባዶ ወንበር ይኸው ባዶ ሆነ። አዲስ አበባ እንዳትሄድ አስቀርቼ ወልቂጤ ሸኘኋት።

እሷ ከሄደች በኋላ ሥራው አልገፋ አለኝ። እጄ ይዘገያል፤ ሬንደሩም ይዘገያል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሌላ ምንም ሐሳብ ሳይኖረኝ፣ ከሥራ ብዛት የተነሳ ብቻ፣ ጄኔሬተሩን አስነስቼ ፍላሿን ሰካሁ። ጠጋኙ እንዳለው ነው፤ ሻይ ቀድቼ ነበር፣ አልቀዘቀዘም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳ። ካርዱ በሌላ ስም ራሱን አስተዋወቀ።

የመጀመሪያውን የሠርግ ቪዲዮ ሰጠሁት፤ በግማሹ ጊዜ ጨረሰው። ሁለተኛ አልሰጠሁትም። የእህቴን ፋይል መፈለግ ጀመርኩ። ዝናቡን ከማውጣቷ በፊት ያለውን አስቀምጣው ነበር፤ ስሙን «መናኸሪያ፣ ዋናው» ብላዋለች። ከፈትኩት። ኮምፒውተሩ አሰበ፤ ሦስት ቀን አይሞላም አለ። ሦስት ቀን ነበር የቀረን ያኔ። ትክክል ሦስት ቀን። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ቁጥሩን ደግሜ አነበብኩት።

ሲያልቅ ብቻዬን አየሁት። ዝናቡ ሸራው ላይ ወረደ፤ ኮፍያው ቀስ እያለ ጠቆረ፤ ሽማግሌው ዶሮዋን ከጎናቸው አስቀምጠው «ይኸው፣ ሞላ» አሉ። አለቀስኩ። ትልቅ ሰው ነኝ፤ ፎቶ ልትነሳ የመጣች ሴትዮ በር ላይ ቆማ አየችኝና «ለቅሶ ነው እንዴ?» ብላ ተመለሰች።

በሳምንቱ ፊልሙን ይዤ ወልቂጤ ሄድኩ። በአረቅጥ በኩል የሚያቋርጠውን ሚኒባስ ያዝኩ፤ ደጋው ላይ ጉሙ ከመስታወቱ ውጭ ምንም አላሳይ አለ፤ እምድብር ላይ ተሳፋሪ ወርዶ ሌላ ተጫነ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር። አንድ ነገር ቆርጫለሁ፤ ሁሉን እነግራታለሁ፣ ከፈለገች ትስደበኝ፣ ከፈለገች በሯን ትዝጋብኝ። ዕድሜዋ ገና ነው። ይቻል እንደነበር ካወቀች እንደገና ትጀምራለች። ለእኔ ይቅርታ እንድታደርግ ሳይሆን እሷ በራሷ ላይ የፈረደችውን ፍርድ እንድታነሳ ነበር የፈለግኩት። ቢያንስ ሚኒባሱ ውስጥ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ሱቋ ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት። «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ ስገባ ደንግጣ ተነሳች፤ እናታችን ምን ሆነች ብላ። ደህና መሆኗን ነገርኳት። የዘመድ ሰላምታ ሁሉ ተራውን ከጨረሰ በኋላ ኮምፒውተሯ ላይ ፊልሙን ከፈትኩላት።

ቆማ አየችው። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችው። ሲያልቅ ወደ ኋላ መልሳ ዝናቡ ላይ አቆመችው።

«ዝናቡ በዝቷል» አለች።

«አልበዛም።»

«በዝቷል ጋሼ። ሰውየው አይታይም። ልጅ ነበርኩ ያኔ።» ፈገግ አለች። «አዲስ ካርድ ገዛህ?»

«አልገዛሁም። ያችው ናት።» ወደ እሷ ዞርኩ። «ስሚኝ። ያችው ካርድ ናት። መፈታት ትችል ነበር። ያኔም መፍቻው እጄ ላይ ነበር። መሳቢያው ውስጥ። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩሽ። እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

ተናገርኩት። ስንት ዓመት አንገቴን የያዘኝ ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ፊቷን አየሁት፤ ቁጣ ሲመጣ ልቀበለው ተዘጋጅቼ ነበር። አልመጣም። ዓይኗ ውስጥ የመጣው ርኅራኄ ነው፤ ሕፃን ልጅ ወድቆ «አላመመኝም» ሲል የምናየው ዓይነት።

«ጋሼ፣ አንተ እንደዚያ አታደርግም።»

«አድርጌያለሁ።»

«እናታችን ነች የነገረችህ፤ ከፎቶ ኮፒ ውጭ ምንም አልችልም እያልኩ እንደማወራ። ልታጽናናኝ ነው የመጣኸው። ይህን ሁሉ መንገድ።»

«እውነቴን ነው።»

«እስቲ ወላሂ በል» አለችኝ።

በእኛ ዘንድ ወላሂ ከተባለ በኋላ ክርክር የለም። ገበያ ላይ የሚዋሽ ሰው እንኳን እህቱ ፊት አይምልም። የተናገርኩት እውነት ነበር፤ በእውነት ላይ መማል ደግሞ ነውር የለበትም። አንዲት ቃል ናት። ብናገራት ታምነኛለች፤ ታምነኝና ያቺን ሳምንት፣ ያደረቀችውን ኮፍያ፣ የቀባችውን ሰማይ፣ ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ዓመት ሁሉ አንድ በአንድ መልሳ ታየዋለች፤ በእያንዳንዱ ላይ እኔን ታገኘኛለች። አባት የለኝም ብላ ካለቀሰችበት ቀን ጀምሮ የተደገፈችው ሰው እኔ ነኝ። ይህን ከእሷ ልወስድ ነው ወይስ ከራሴ? አላውቅም። አፌን ከፈትኩ። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

«አየህ?» አለች፣ ሳቋ መጣ፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። «ውሸት አትችልበትም እኮ። ከድሮም አትችልበትም።»

ሁለት ተማሪዎች የተጠረዘ ወረቀት ይዘው ገቡ። ተቀበለቻቸው፤ የፎቶ ኮፒውን ክዳን አነሳች። ወረቀቱን ስታስተካክል፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ መረቀችኝ።

«አላህ ይስጥህ ጋሼ። እንዳንተ ያለ ወንድም ለማንም አይጥፋ።»

«አሜን» አልኩ።